ስንተኛ ወጣህ?
የደረጃ ስሌትና የዓምድና የረድፍ መዝገብ ታሪክ

ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር በየቤቱና በየጎረቤቱ ለተማሪ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል። «ስንት አገኘህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ልጁ አንደኛ ከሆነ ይሳማል፣ ይሸለማል፤ አርባኛ ከሆነ ደግሞ ካርዱን እኪሱ ከትቶ በጓሮ በር ይገባል። አንደኛው ሁለተኛውን የበለጠው በግማሽ ማርክ ይሁን በሃምሳ ማርክ ግን ማንም አይመረምርም። ደረጃ የሚናገረው ማን እንደቀደመና ማን እንደተከተለ ብቻ ነውና የልዩነቱን ስፋት ይደብቃል።

ይህ መደበቁ ጉድለት ይመስላል። ነገር ግን ይህንኑ ጉድለት እንደ መሣሪያ አንሥተው የተጠቀሙበት ጥቂት ሰዎች፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አንድ ሙሉ የስታቲስቲክስ ቅርንጫፍ አቋቁመዋል። ቅርንጫፉ «ነን-ፓራሜትሪክ» ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ፍሬ ነገሩ የክፍል ኃላፊ መምህር በሮስተር ላይ ከሚሠራው ሥራ እምብዛም አይርቅም።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ለዓመታት ያነበብኳቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ናቸው። ጽሑፎቹ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ በሚባለው የትምህርት ዘርፍ የቀረቡ ናቸው፤ ሰዎችና ድርጅቶች ከኮምፒዩተር ጋር እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ከጽሑፎቹ በብዙዎቹ ውስጥ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው መልስ 5፣ «ፈጽሞ አልስማማም» የሚለው 1 ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያም ይደመራል፣ ይካፈላል፣ አማካይም ይወጣል። እንግዲህ አምስት ሠራተኞች አዲሱን ሲስተም ከልባቸው ወደው 5 ቢሉ፣ ሌሎች አምስት አምርረው ጠልተው 1 ቢሉ፣ አማካዩ 3 ይሆናል፤ ትርጉሙም «ገለልተኛ» ነው። ከአሥሩ ሰዎች መካከል ግን አንድም ገለልተኛ የለም! ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ በተውኩት ነበር። ዳሩ ግን በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ተመሥርቶ ዕቃ ይገዛል፣ የሥራ መደብ ይታጠፋል፣ ባለጉዳይም ይጉላላል። ስለዚህ የታሪኩን ሥር መግለጥ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደወሉ ዘመን

ነገሩ የሚጀምረው ሩቅ ነው። የእንግሊዝ ንግሥት የአን ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን አርበትኖት በ1710 ዓ.ም. የለንደንን የክርስትና መዝገብ አገላብጦ አንድ ነገር አስተዋለ። ከ1629 እስከ 1710 በነበሩት 82 ዓመታት ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ዓመት ክርስትና የተነሡት ወንዶች ከሴቶቹ ይበልጡ ነበር። አርበትኖት በስንት እንደበለጡ አላስጨነቀውም። «በለጡ ወይስ አልበለጡም?» ብሎ ብቻ ቆጠረ። ወንድና ሴት የመወለድ ዕድላቸው እኩል ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሳንቲም 82 ጊዜ ወደ ላይ ወርውሮ 82 ጊዜም በአንድ ገጹ እንደማግኘት ነው። እሱ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ የፈጣሪን ጥበቃ የሚመለከት ነበር። የስታቲስቲክስ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ዛሬ የዚህ ዓይነቱን ፈተና የመጀመሪያ ምሳሌ የሚያዩት በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ዘመኑ የደወሉ ዘመን ሆነ። ጋውስና ላፕላስ የሥነ ፈለክ ስሌት ስሕተቶችን ሲያጠኑ፣ ብዙው መሐል ላይ የሚከማችበትና ጥቂቱ ግራና ቀኝ የሚሳሳበትን የደወል ቅርጽ በሒሳብ አጸኑት። ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ደግሞ ይህንኑ ቅርጽ በስኮትላንድ ወታደሮች የደረት ስፋት ላይ አገኘሁት ብሎ፣ ከሰማይ ወደ ሰው አወረደው። ቅርጹ ቆይቶ «ኖርማል» የሚል ስም ወጣለት። ስም ደግሞ ኃይል አለው፤ ይህን ቅርጽ ያልያዘ መረጃ ሁሉ «ጤነኛ ያልሆነ» መምሰል ጀመረ።

በደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም፣ በጥቂት ናሙና ሁለት አማካዮችን ለማወዳደር መንገድ የከፈተ ጽሑፍ አሳተመ። ሮናልድ ፊሸር በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ይህን መንገድ በየላቦራቶሪው እንዲታወቅ አደረገው። ዘዴው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን መረጃው የመጣው ከደወል ቅርጽ ነው የሚል ግምት ከሥሩ አለበት። መረጃው አሥር ወይም አሥራ አምስት ብቻ ሲሆን ደግሞ ግምቱ እውነት ይሁን ሐሰት በዓይን አይቶ መናገር ያዳግታል።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ ለዓመታት በእንግሊዝ ጦር መኮንንነት ካገለገለ በኋላ ወደ ሥነ ልቡና ትምህርት የዞረው ቻርልስ ስፒርማን፣ በ1904 ሌላ መንገድ አሳይቶ ነበር። የልጆችን የአእምሮ ብቃት በሜትር መለካት አይቻልም፤ በተራ መደርደር ግን ይቻላል። ስለዚህ ስፒርማን መለኪያውን ትቶ ተራውን ያዘ። በአንዱ ሰልፍ የቀደመ በሌላውም ሰልፍ ይቀድም እንደሆነ የሚለካ ስሌት አበጀ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የደረጃ ዝምድና መለኪያ ከዚያ የመጣ ነው።

ዝንብ መግደያውና አራቱ ገጾች

በስታቲስቲክስ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ፣ ትልልቁ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከባለሙያው ማኅበር ውጪ ካለ ሰው መምጣቱ ነው። ፍራንክ ዊልኮክሰን ከአሜሪካውያን ወላጆች በ1892 አየርላንድ ውስጥ የተወለደ የኬሚስትሪ ሰው ነበር። ሥራው የተባይና የሻጋታ መድኃኒቶችን መመርመር ነው። የፊሸርን መጽሐፍ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በጥናት ቡድን አነበበ። ከላቦራቶሪ የሚወጣው ቁጥር ግን ሁልጊዜ እንደ መጽሐፉ አልሆነለትም፤ አንድ ያፈነገጠ ውጤት ሙሉውን ስሌት ያዛባል። ያኔ ደግሞ ስሌቱ በእጅ ነው የሚሠራው።

ዊልኮክሰን በ1945 ባሳተመው የአራት ገጽ ጽሑፍ ያቀረበው መፍትሔ ለልጅ የሚገባ ነው። ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድር፤ በእያንዳንዱ ምትክ ተራውን ጻፍ፤ የእያንዳንዱን ወገን ተራዎች ደምር። ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ በሁለት ዓይነት ዝንብ መግደያ የሞቱትን ዝንቦች የሚያወዳድር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ማንና ተማሪው ዶናልድ ዊትኒ ሐሳቡን አስፍተው የሒሳብ መሠረቱን አጸኑለት።

ብቻቸውን አልነበሩም። የኋላ ኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሚልተን ፍሪድማን በ1937 ከሁለት በላይ ለሆኑ ወገኖች የደረጃ ፈተና አውጥቶ ነበር። ሞሪስ ኬንዳል በ1938 ሌላ የደረጃ ዝምድና መለኪያ አቀረበ። «ነን-ፓራሜትሪክ» የሚለውን ስም ያወጣው ጄኮብ ወልፎዊትዝ ነው፤ ዓመቱም 1942 ነበር። ክሩስካልና ዋሊስ በ1952 የዊልኮክሰንን ሐሳብ ወደ ሦስትና ከዚያ በላይ ወገኖች አሳደጉት። ይኸው ክሩስካል በ1957 ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ይዞ መጣ። ጉስታፍ ዶይሽለር የተባለ ጀርመናዊ ያንኑ ሐሳብ በ1914 ጽፎት፣ የሚሰማው አጥቶ ኖሯል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ዓመት፣ በትምህርት ጥናት መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነበርና ማን ያንብበው?

አሥር ቁጥሮች፣ 252 መንገዶች

ዘዴውን በምሳሌ እንየው። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የኮምፒዩተር ሲስተም አስገባ እንበል። አምስት ሠራተኞች በአዲሱ ሲስተም፣ ሌሎች አምስት በአሮጌው መዝገብ እየሠሩ አንድ ባለጉዳይ ለማስተናገድ የፈጀባቸው ደቂቃ ተመዘገበ። በአዲሱ 4፣ 5፣ 6፣ 7 እና 48፤ በአሮጌው 9፣ 10፣ 11፣ 12 እና 13። 48 የሆነው መሐል ላይ መብራት ስለጠፋ ነው።

አማካይ እንውሰድ። የአዲሱ 14 ደቂቃ፣ የአሮጌው 11 ደቂቃ ይሆናል። «አዲሱ ሲስተም ሥራ አዘገየ» ተብሎ ይጻፋል ማለት ነው። አሁን ደግሞ በተራ እንደርድራቸው። አዲሶቹ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ እና 10ኛ ሆነው ድምራቸው 20 ነው። አሮጌዎቹ ከ5ኛ እስከ 9ኛ ያለውን ይዘው 35 ይሆናሉ። ፍርዱ ተገለበጠ። መብራቱ 48 ደቂቃ ሳይሆን 480 ደቂቃ ጠፍቶ ቢቆይ እንኳ የአዲሱ አማካይ ከ100 ደቂቃ ያልፋል እንጂ ተራው ያው 10ኛ ነው።

ይህን ይዞ «አዲሱ ሲስተም ይሻላል» ብሎ መፎከር ይቻላልን? ቀስ እንበል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ከአሥር ተራዎች ውስጥ አምስቱን ለአንድ ወገን ለመስጠት 252 መንገዶች አሉ። በሁለቱ አሠራሮች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር፣ ሁሉም መንገዶች እኩል ዕድል አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ድምሩ 20 ወይም ከዚያ በታች የሚሆነው በ19ኙ ነው። በተቃራኒው ጫፍ 35 እና ከዚያ በላይ የሚሆነውም እንዲሁ በ19 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 38፤ ከ252 ውስጥ 15 በመቶ ገደማ። ተመራማሪዎች በልማድ የሚጠይቁት ከ5 በመቶ በታች ነውና መልሱ «ማስረጃው ገና አልበቃም፤ ጥቂት ሰዎች ጨምራችሁ ተመልከቱ» የሚል ይሆናል።

የደረጃ ስሌትን የምወደው እዚህ ላይ ነው። ከአማካዩ የተሳሳተ ፍርድ ያድናል፤ ነገር ግን በምትኩ ሌላ የችኮላ ፍርድ አይሰጥም። ከዚህም በላይ 252ቱን መንገዶች ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው በወረቀት ሊጽፋቸው ይችላል። ከስሌቱ ጀርባ የተደበቀ ነገር የለም።

«ቁጥሩን ትቶ ተራውን መያዝ መረጃ ማባከን አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሒሳብ ሰዎችም አንሥተውታል። መልሱ ግን ራሳቸውን ሳያስገርማቸው አልቀረም። መረጃው በእርግጥ የደወል ቅርጽ ቢኖረው፣ በብዙ ናሙና የዊልኮክሰን ፈተና ከጎሴት ፈተና ጋር ሲነጻጸር ብቃቱ 95.5 በመቶ ያህል ነው። ሆጅስና ሌህማን በ1956 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ሁለቱ ወገኖች በመቀዳደም ብቻ የሚለያዩ እስከሆነ ድረስ፣ የመረጃው ቅርጽ ምንም ዓይነት ቢሆን ይህ ብቃት ከ86.4 በመቶ በታች አይወርድም፤ ቅርጹ የተንጋደደ ሲሆን ግን ከጎሴት ፈተና እጅግ ሊበልጥ ይችላል። የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ፣ የሚገኘው ዋስትና ትልቅ ነው ማለት ነው።

በዚያው በ1956 ሲድኒ ሲገል የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር እነዚህን ፈተናዎች በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ፣ ሒሳብ ላልተማረ ተመራማሪ እንደ ምግብ አሠራር ደረጃ በደረጃ አቀረባቸው። በመጽሐፉ ኋላ የፈተናዎቹ ሠንጠረዦች ነበሩ። እርሳስ፣ ወረቀትና ያ መጽሐፍ በቂ ነበሩ። ናሙናው ከሠላሳ ሲበልጥ ግን መደርደሩና መደመሩ አሰልቺ ይሆናል። ከአሰልቺነቱ የሚያላቅቀው መሣሪያ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው።

ጥቁር ሰሌዳው

በ1978 ዓ.ም. ዳን ብሪክሊን የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ አንድ ቁጥር ሲሳሳት ወይም ሲለወጥ ግን በእርሱ ላይ የተመሠረተውን ሁሉ በዳስተር አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል። ብሪክሊን «አንዱን ስለውጠው ሌላው ራሱ የሚለወጥ ሰሌዳ ቢኖርስ?» ብሎ አሰበ። ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ተባብሮ ሐሳቡን ወደ ፕሮግራም ለወጠው። ቪዚካልክ የተባለው ይህ ፕሮግራም በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ገበያ ላይ ዋለ። 254 ረድፍና 63 ዓምድ ነበረው። የፈጠራ ባለቤትነት መብት አልወጣለትም፤ በዚያን ጊዜ ለሶፍትዌር ይህን መብት ማግኘት አጠራጣሪ ነበርና። ስለዚህ ሌሎችም ሐሳቡን ወሰዱት። ሚች ኬፖር ያቋቋመው ድርጅት በጥር 1983 ሎተስ 1-2-3ን ለአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር አቀረበ። ማይክሮሶፍት ደግሞ ኤክሴልን በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ አወጣ።

በአገራችንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ቤቶች ማስታወቂያ ላይ ዎርድፐርፌክት፣ ሎተስና ዲቤዝ ተከታትለው ይጻፉ እንደነበር የሚያስታውስ ብዙ ነው። በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበርና፣ ዘርፉን በከፍተኛ ደረጃ ማጥናትም የጀመረው በዚያው አካባቢ ነው።

ሥራው ግን ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። የተማሪ ስም በረድፍ፣ የትምህርት ዓይነት በዓምድ፣ በስተቀኝ ድምር፣ አማካይና ደረጃ፤ መምህሩ በማስመሪያ የሚያሰምረው ሮስተር ራሱ የወረቀት ስፕሬድሺት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አንድ ማርክ ቢታረም ወረቀቱ ደረጃውን በራሱ አያስተካክልም።

መጠይቁ

የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ጥናት እንደ ዘርፍ የጠነከረው ይህ ሁሉ በሚካሄድበት ዘመን ነው። በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ዲክሰን፣ ሴንና ቸርቫኒ በ1977 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ መረጃ የሚቀርብበት መልክ በውሳኔ ሰጪው ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ የፈተሹ ሙከራዎችን ሰብስቦ አቀረበ። ከዘርፉ ቀዳሚ መጽሔቶች አንዱ የሆነው ኤም.አይ.ኤስ. ኳርተርሊም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። በ1989 ፍሬድ ዴቪስ በዚህ መጽሔት ላይ፣ ሰው አንድን ሲስተም የሚቀበለው «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ብሎ ሲያምን ነው የሚለውን ሐሳብ በመጠይቅ ለካው። ከ152 ተጠቃሚዎች በተሰበሰበ መልስ ላይ የተመሠረተው ይህ ጽሑፍ እስካሁን በዘርፉ እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በየኮሌጁ በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች መጠይቅ ውስጥም የእርሱ ጥያቄዎች መልክ በቀላሉ ይታወቃል።

መጠይቁ ራሱ ሌላ አባት አለው። ሬንሲስ ላይከርት በ1932 ባቀረበው ዘዴ መሠረት ነው ሰው «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» እያለ በአምስት ደረጃ የሚመልሰው። የሃርቫርዱ ስቲቨንስ ደግሞ በ1946 አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ቁጥሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ስም ብቻ ነው፣ እንደ ኳስ ተጫዋች የማልያ ቁጥር። አንዳንዱ ተራ ነው፣ እንደ ክፍል ደረጃ። አንዳንዱ ብቻ ነው በእርግጥ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ የሚለካ። በ«እስማማለሁ» እና በ«በጣም እስማማለሁ» መካከል ያለው ርቀት፣ በ«አልስማማም» እና በ«ገለልተኛ ነኝ» መካከል ካለው ጋር እኩል ነው ያለው ማን ነው? ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ብዙ ጥያቄዎች ተደምረው አንድ መለኪያ ሲሆኑ አማካይ መውሰድ አይጎዳም የሚሉ የተከበሩ ምሁራን አሉ። ለአንዲት ነጠላ ጥያቄና ለአሥራ ሁለት መላሾች ግን፣ በእኔ አመለካከት፣ ደረጃን የመሰለ ታማኝ መንገድ የለም።

ሁለቱ ሲገናኙ

እንግዲህ በአንድ በኩል ተራ መደርደር የሚጠይቅ ስሌት፣ በሌላ በኩል መደርደርና መደመር የማይታክተው ሰሌዳ ተገኝቷል። ጋብቻው ቀላል መምሰሉ አይቀርም። ታሪኩ ግን እንዲያ አልሆነም። ኤክሴል የጎሴትን ፈተና በአንዲት ትእዛዝ ይሠራል፤ የዊልኮክሰንን ፈተና የሚሠራ የራሱ ትእዛዝ ግን የለውም። በመሆኑም ብዙው ተማሪ ለመረጃው የሚስማማውን ሳይሆን ከፊቱ ያገኘውን ይመርጣል። መሣሪያው ጥያቄውን ወሰነለት ማለት ነው።

ተማሪው በርትቶ በደረጃ ልሥራ ቢልም አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። በትምህርት ቤት ሁለት ልጆች እኩል ሁለተኛ ቢወጡ፣ ሁለቱም «2ኛ» ይባሉና ቀጣዩ «4ኛ» ይሆናል። ራንክ የተባለው የቆየ የኤክሴል ትእዛዝም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለዊልኮክሰን ስሌት ግን ይህ አይሠራም። ሁለቱ የያዙት 2ኛንና 3ኛን ቦታ ስለሆነ እያንዳንዳቸው 2.5 ሊሰጣቸው ይገባል። ማይክሮሶፍት ይህን በአማካይ የሚሰጥ ትእዛዝ የጨመረው በ2010 ዓ.ም. እትም ነው። በአምስት ነጥብ መጠይቅ ላይ እኩያ መልስ እንደ አሸዋ ነውና ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

መላው ግን ከጥንቱም በእጅ ነበር። ለእያንዳንዱ ቁጥር ከእርሱ የሚያንሱትን መቁጠር፤ ከዚያም እርሱን ጨምሮ እኩዮቹን ቆጥሮ፣ በዚያ ላይ አንድ ደምሮ፣ ለሁለት ማካፈል፤ ሁለቱን መደመር። ትክክለኛው ደረጃ ይወጣል። ማረጋገጫውም አብሮ አለ። የደረጃዎቹ ጠቅላላ ድምር፣ የሰዎቹ ብዛት በራሱና በአንድ ድምር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ከሚገኘው ጋር መግጠም አለበት። ለአራት ሰው 10፣ ለአሥር ሰው 55። 1፣ 2፣ 2፣ 4 ብሎ የደረደረ ሰው 9 ብቻ ያገኛልና ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

በሰሌዳው ላይ የተነሣው ወቀሳ በዚህ አላበቃም። ማክላክና ዊልሰን በ1999 ያሳተሙት ምርመራ፣ የኤክሴል 97 የስታቲስቲክስ ስሌቶች ለምርምር የሚያስተማምኑ አለመሆናቸውን በዝርዝር አሳየ። ከችግሮቹ አንዱ፣ ቁጥሮቹ በጣም ትልልቅ ሆነው ልዩነታቸው ትንሽ ሲሆን የመበታተን መለኪያው መሳሳቱ ነበር፤ እርሱ በ2003ቱ እትም ታርሟል። በደረጃ የሚሠራ ሰው ግን ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው ወደ 1፣ 2፣ 3 ስለሚለውጥ እንዲህ ያለው ችግር እምብዛም አይነካውም።

ዝም ያለው ስሕተት

ከሁሉ የሚከፋው የሰሌዳው ሳይሆን የሰው ስሕተት ነው፤ ድምፅ የለውምና። ሁለት ምሳሌዎች ብቻ ላንሣ። የሃርቫርዶቹ ኢኮኖሚስቶች ራይንሃርትና ሮጎፍ በ2010 ያወጡት ጽሑፍ፣ ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች፣ 0.1 በመቶ ማሽቆልቆል መሆኑን አሳየ። ጽሑፉ በአውሮፓና በአሜሪካ በቁጠባ ፖሊሲ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ ተጠቀሰ። በ2013 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኸርንደን የኤክሴል ፋይሉን ጠይቆ አግኝቶ ሲመረምር፣ የአማካዩ ትእዛዝ አምስት አገሮችን ከረድፉ ውጪ ትቷቸዋል። ሌሎች የመረጃ አመራረጥና የአመዛዘን ጥያቄዎችም ነበሩበት። ከመምህራኑ ጋር ሁሉንም አርሞ ሲያሰላው ውጤቱ 2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ 2020፣ በኮቪድ የተያዙ 15,841 ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ሳይገቡ ቀሩ። መዝገቡ ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዝ አሮጌ የፋይል ዓይነት ይተላለፍ ነበርና የተረፈው በጸጥታ ተቆርጦ ወድቋል። ከእነዚያ ሰዎች ጋር የተገናኙትን የማስጠንቀቁ ሥራም በዚያው ዘገየ።

ከዚህ ተነሥተው «ስፕሬድሺት ለምርምር አይሁን» የሚሉ አሉ። በሙሉ አልስማማም። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ.ን የመሳሰሉ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ከ1968 ጀምሮ አሉ። አር የተባለውም በነጻ የሚገኝና የታመነ ነው፤ የቻለ ይማረው። ነገር ግን አዝራር ተጭኖ አንዲት ቁጥር የተቀበለ ተማሪ፣ ቁጥሯ ከየት እንደመጣች ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በሰሌዳው ላይ እያንዳንዱን ደረጃ ራሱ የሠራ ግን እያንዳንዷን ሳጥን እየከፈተ ያሳያል። ኸርንደን ስሕተቱን ሊያገኝ የቻለውም እኮ ፋይሉ ስለተሰጠውና ሳጥኖቹ ስለተከፈቱለት ነው።

የደረጃ ስሌትም ቢሆን ከኀጢአት ሁሉ የሚያነጻ ጠበል አይደለም። አሥሩ መላሾች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እየተመካከሩ ከሞሉት፣ አሥር ድምፅ ሳይሆን አንድ ድምፅ አሥር ጊዜ ነው፤ ዊልኮክሰንም አያድነውም። የሁለቱ ወገኖች የመበታተን መልክ ከተለያየ ደግሞ፣ «የመካከለኛው ሰው መልስ ተለየ» ብሎ መደምደም አይቻልም። መጠይቁ በስንፍና ከተዘጋጀም ምንም ስሌት አያቃናውም።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁና ለሚያነቡ ሁሉ የምለው አጭር ነው። ከአማካዩ በፊት ስንት ሰው 1፣ ስንት ሰው 5 እንዳለ ቆጥራችሁ ጻፉ። ናሙናው ትንሽ ከሆነ በደረጃ ሥሩ፤ ድምሩንም አረጋግጡ። ማስረጃው ካልበቃ «አልበቃም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ውርደት አይደለም። ፋይሉንም ለጠየቀ ሁሉ ክፈቱት። ባለጉዳዩ በመስኮቱ ተሰልፎ የሚጠብቀው እኛ በጻፍነው ቁጥር የተወሰነለትን ነውና፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ የሚመልስለት ሰው ሊኖር ይገባል።